ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ምን ይላል ሲባሉ ዝም ይላሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሪሜዲያል (በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ውጤት ላላመጡ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በክፍሌ ከ50 በላይ ተማሪዎች አሉ። ተነሥተው እንዲያነቡ ሳደርግ አብዛኞቹ ብዙ ሳይደነቃቀፉ ያነባሉ፤ «አንቀጹ ምን አለ?» ስላቸው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ያለኝ ጊዜ አራት ወር ነው፤ የትምህርቱ መጽሐፍ (ሞጁሉ)ም ማለቅ አለበት። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰው ማንበብ ማስተማር ነውር ነው፤ ይልቅ የፈተና ዘዴ አሳዪያቸው» ይሉኛል። ከምን ልጀምር?
መምህርት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ክብርት መምህርት፣ በነውሩ ጉዳይ ከባልደረቦችዎ ጋር አልስማማም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሪሜዲያል የተጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከፊትዎ የተቀመጠው ወጣት የመጣው ቀድሞ ያልተሞላ ነገር እንዲሞላለት ነው። ያልተሞላው ንባብ ከሆነ እሱኑ መሙላት የፕሮግራሙ ዋና ሥራ እንጂ ከደረጃ መውረድ አይደለም።

የሚያነብ አፍና የሚረዳ ልብ ሁለት መሆናቸውን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ለየብቻ ናቸው፤ ዳዊትን ያለ ስሕተት የሚደግም ልጅ ምሥጢሩን ያውቃል ብሎ የሚገምት የኔታ የለም። በሐረር ጀጎል ውስጥም ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር የቀራ ልጅ ወደ ተፍሲር (ወደ ትርጓሜው) የሚሻገረው ሌላ ዓመታትን ጨምሮ ነው። ጎፍ እና ታንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በ1986 እ.ኤ.አ. በማባዛት ስሌት አስቀመጡት፤ የንባብ ግንዛቤ ማለት ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታ ሲባዛ በቋንቋው የመረዳት ችሎታ ነው አሉ። ስሌቱ መደመር ሳይሆን ማባዛት በመሆኑ አንደኛው ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው፤ ሌላኛው የቱንም ያህል ቢበረታ አይደጉመውም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራዎ ተማሪው የጎደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ለዚህ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ አጭር አንቀጽ እርስዎ ቀስ ብለው ያንብቡለትና ምን እንደሰማ በሚቀናው ቋንቋ ይንገርዎ። በጆሮው ሰምቶ ከተረዳ፣ ራሱ ሲያነበው ግን ካልገባው፣ ጉልበቱን የሚጨርስበት ፊደሉ ነው። ሰምቶም ካልገባው ችግሩ ከቃላቱና ከዓረፍተ ነገሩ ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ አብዛኞቹ ተማሪዎችዎ ሁለተኛዎቹ ይመስሉኛል፤ ጥቂቶች ግን ከመጀመሪያው ወገን እንደማይጠፉ እወራረዳለሁ።

ለነዚህ ለጥቂቶቹ አንድ ነገር ልበል። በድሬዳዋ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይማራሉ፤ አማርኛ መጥበቅና መላላትን ካለመጻፉ በቀር ሦስቱም አጻጻፎች ለአንባቢው ታማኞች ናቸው፤ ፊደሉን ያወቀ ቃሉን ይጠራዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ «ራፍ» በሚለው ቃል «አፍ»፣ «ስሩ» በሚለው «ኡ»፣ «ዞው» በሚለው «ኦው» ሆነው ይነበባሉ። በቁቤ (በኦሮምኛው የላቲን ፊደል) ያደገ ልጅ ደግሞ ኤክስን «ጥ»፣ ሲን «ጭ» ብሎ መጥራት ለምዷል፤ በሶማሊኛ ያደገው ኤክስን ከጉሮሮ በሚወጣ «ሐ» ያነባታል። ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና ቆጥሮ መሳቅ ተማሪውን ለዘለቄታው ያሸማቅቀዋል፤ በሰሌዳ ላይ ሦስቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ጽፎ ልዩነቱን ማሳየት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

አሁን ወደ ብዙኃኑ እንምጣ። አንድን ጽሑፍ ያለ ሰው እርዳታ በሚገባ ለመረዳት በውስጡ ካሉት ከ100 ቃላት ወደ 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ የቋንቋ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ይህ ማለት የማይታወቁት ቃላት ከስድስት አይበልጡም ማለት ነው። ከመቶው 90 ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በዚያው ገጽ 30 ጊዜ ይቆማል፤ እያንዳንዱን በስልኩ መዝገበ ቃላት ለማየት ግማሽ ደቂቃ ቢወስድበት 15 ደቂቃ ለፍለጋ ብቻ ሄደ ማለት ነው፤ ሲጨርስ የገጹ መጀመሪያ ተረስቷል። በዚያ ላይ ስልኩ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ፍቺ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ «ሶሉሽን» የሚለውን ሁሉ «መፍትሔ» እያለ ሲተረጉም አይቻለሁ፤ ጨው በውኃ ውስጥ ሲሟሟ የተገኘው «መፍትሔ» ምን እንደሚፈታለት እስከ መጨረሻው አልገባውም። «ቴብል»ም በፈተና ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ እንጂ ጠረጴዛ አይደለም።

ደግነቱ ቃላት ሁሉ እኩል አይደሉም። በእንግሊዝኛ እጅግ ተደጋጋሚ የሆኑት ወደ 2,000 የሚጠጉ የቃላት ቤተሰቦች (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት በአንድነት የሚቆጠሩበት ስብስብ) የአብዛኛውን ጽሑፍ ትልቁን ክፍል ይሸፍናሉ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ደግሞ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ይዞ ከትምህርት መጻሕፍት ቃላት አሥር በመቶ ያህሉን ይይዛል። በአራት ወር ውስጥ ከዚህ ከ570ው በቀን አምስት አምስት መያዝ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገር ግን ለብቻው ተሸምድዶ ሳይሆን በዕለቱ ከሚነበበው አንቀጽ ተለቅሞ።

ከቃላትም በላይ ተማሪዎቻችንን የሚጥላቸው ዓረፍተ ነገሩ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለክፍሌ ብዬ ስለዚህችው ከተማ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የባቡር ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ወደ ደጋው መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ መስመሩ ከተራራው ግርጌ አለፈ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት በዚያ ሜዳ ድሬዳዋ ተቆረቆረች» የሚል ነው። አንድ ተማሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት አድርጎ አነበበው። «ባቡሩ የት ደረሰ?» አልኩት። «ሐረር» አለኝ፤ በድሬዳዋው ባቡር ጣቢያ፣ በለገሀር አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው! ያነበበው ወረቀት በዓይኑ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሲጣላ እንኳ አልታወቀውም።

ምክንያቱን ለማወቅ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቼ በጣቴ ተከተልኩ። በአማርኛ «ቢሆንም» የሚመጣው ከሐሳቡ በኋላ ነው፤ ግሡም ማሰሪያ ሆኖ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛም ግሡን ወደ መጨረሻው ይወስዳሉ። የእኛ አንባቢ መታጠፊያውን ጫፍ ላይ መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» (ቢሆንም) የምትለውን ቃል ብዙ ጊዜ ከሁሉም አስቀድሞ ያስቀምጣታል፤ ተማሪው ገና ምንም ሐሳብ ሳይዝ ስላገኛት እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያልፋታል፤ ከዚያ «ሐረር እንዲደርስ» የሚለውን ሲያገኝ ወሬው አለቀ ይላል። ስለዚህ በየዕለቱ ከሚነበበው አንቀጽ ላይ እንደ «ኦልዞው»፣ «ሀውኤቨር»፣ «ቢኮዝ»፣ «አንለስ» ያሉትን እንዲያከብቡ ያድርጉ፤ ቀጥሎም «ይህች ቃል ብትነሣ ምን ይለወጣል?» ብለው ይጠይቁ። ያ ልጅ «ኦልዞው»ን በእርሳስ ካከበበ በኋላ ራሱ ስቆ መልሱን አስተካከለ።

የክፍለ ጊዜውን አካሄድ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ጽሑፉን ያሳንሱ፣ ድግግሞሹን ያብዙ። ከ150 ቃላት የማይበልጥ አንቀጽ መጀመሪያ በጸጥታ ይነበብ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወረቀቱን ገልብጠው አንዱ ለሌላው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይንገረው፤ ከዚያ ተመልሰው እንደገና ያንብቡት፤ ሦስተኛው ንባብ በማግስቱ ይሁን። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የቤት ቋንቋ መስማት የሚያስቆጣቸው ኃላፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም የተረዳውን በእንግሊዝኛ እንዲናገር የተገደደ ተማሪ የሚያሳይዎ የንግግር ችሎታውን እንጂ ግንዛቤውን አይደለም። ፍቺን እየተረዱ ማንበብን በአማርኛ በየቀኑ እንደሚሠሩትም ተማሪዎቹን ያሳስቧቸው፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው፣ ጽሕፈቱ አንድ ስለሆነ ፍቺውን ሳያውቁ ድምፁን ማወቅ አይቻልም። ከተቻለም ንባቡን ጠዋት ያድርጉት፤ በግንቦት ከቀትር በኋላ በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ አንቀጽ የሚገባው ሰው እኔ አላየሁም።

የፈተና ዘዴውን አልጠላውም። ጥያቄውን አስቀድሞ ማየት፣ ሰዓት መከፋፈል ይጠቅማል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ሞጁሉ ግን ሁሉም ገጽ ካልተነበበ አልተሸፈነም የሚል ካለ፣ እርስዎ ሸፍነውት ተማሪው ያልያዘው ገጽ ለማን እንደተሸፈነ ይጠይቁልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ በዚህ ዓመት ሪሜዲያል ገብታለች። ሌሊቱን ሙሉ ጮክ ብላ እያነበበች ትሸመድዳለች፤ ጎረቤት ሁሉ ትምህርቷን በቃሉ ሊያውቀው ነው። ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ብገዛላት ይረዳታል?
አባት፣ ከሐረር ሸዋ በር

መልስ፦ ወፍራሙን ይተዉት። ከላይ ያነሣሁትን ስሌት ቢያስታውሱ፣ ከመቶ ቃል አሥሩን የማታውቅ ልጅ ከሦስተኛው ገጽ አታልፍም፤ መጽሐፉም መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይወቅሳታል። በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው ደረጃ የወጣላቸውን ቀጫጭን መጻሕፍት ይፈልጉላት፤ አዲስ ካጡ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችም ይገኛሉ። አንዱን ገጽ ከፍታ የማታውቃቸውን ቃላት በጣቷ ትቁጠር፤ አምስቱም ጣቶች ካለቁ ለጊዜው ወደ ቀለለው ትውረድ። ጮክ ብሎ ማንበቡን አይከልክሏት፤ ነገር ግን በየገጹ መጨረሻ መጽሐፉን አስዘግተው «እስቲ ንገሪኝ» ይበሏት። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም ለዚህ ጥያቄ መብቃትዎ አያጠራጥርም፤ ተናግራ ያስረዳችዎት ነገር ገብቷታል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ጫት ካልቃምክ ይህን ሁሉ ገጽ አትዘልቀውም ይሉኛል። በእርግጥም ስቅም ብዙ አነባለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

መልስ፦ ብዙ ገጽ መግለጥህን አላስተባብልም፤ ጫት እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናው የሚሰጥህ ግን የገባህ የመምሰል ስሜት ነው፤ ያ ስሜት ደግሞ ከመረዳት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ራስህን ፈትን። አንድ ቀን ቅመህ፣ አንድ ቀን ሳትቅም ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸውን ሁለት ምዕራፎች አንብብ፤ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ከእያንዳንዳቸው የምታስታውሰውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና የትኛው እንደረዘመ በድጋሚ ጻፍልኝ።