ጥያቄና መልስ፦ የተኮማተሩት የእንግሊዝ መንደሮች

በእንግሊዝ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ላይ ብዙ ያነበበውና ብዙ የዞረው አባላችን ጥያቄያችሁን ይመልሳል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብርሌ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሌስተርሻየር ነው። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የበግ ሜዳ ጎርበጥባጣ ነው። ድሮ ቤቶች ነበሩበት ይላሉ። በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ሂድ። ጥላው ሁሉን ያሳይሃል። መጀመሪያ መንገዱን ፈልግ። ሰውና ጋሪ ለዘመናት የረገጠው መንገድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ግራና ቀኙ ከፍ ብለው የተደለደሉት ቦታዎች ቤት የቆመባቸው ናቸው። ከኋላቸው በዝቅተኛ የአፈር ክትር የታጠረ ጓሮ አለ። ከጓሮው ወዲያ የእርሻው ትልም ይጀምራል። ሁሉም ጉድጓድ ግን ቤት አይደለም፤ ድንጋይ ወይም ሸክላ አፈር የወጣበትም አለ። ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለክቶ የሚያሳየው የላይዳር ካርታ በነፃ ይገኛል፣ እሱንም እይ። እና እባክህ አትቆፍር።

ገበሬው፦ ትልሙ ለምን ቀጥ አይልም? ጫፍና ጫፉ ይጣመማል።

መልስ፦ በበሬዎቹ ነው። ጥማዱ ረጅም ስለነበር ማሳው ሳያልቅ መዞር መጀመር ነበረበት።

ገበሬው፦ በሁለት በሬ ያንን ያህል ቦታ?

ቀበና፦ ስምንት በሬ ነበር እኮ! በ1086ቱ የእንግሊዝ ንጉሥ የመሬት መዝገብ አንድ ማረሻ በስምንት በሬ ነው የተሰላው።

ገበሬው፦ ስምንት በሬ ያለው ገበሬ የት ተገኝቶ?

ቀበና፦ ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀናጁ ነዋ።

መልስ፦ ቀበና ልክ ነው። በመዝገብ ስምንት፣ በማሳው ላይ ግን ቁጥሩ ይለያይ ነበር። ወደ መንደሩ እንመለስ።

እንግዳ፦ ስለ ታሪኩ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ የምኑን ታሪክ?

ሠናይ፦ ሁሉንም የጨረሰው የ1348ቱ ጥቁር ሞት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ይሄን ነገር ስንቴ ልበል! ወረርሽኙ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ ገደለ፣ እውነት ነው። ወዲያው የጠፋው መንደር ግን ጥቂት ነው። የተረፈው ሰው የተሻለ መሬትና የተሻለ ደሞዝ ፍለጋ ሄደ። መንግሥት በ1351 ደሞዝ እንዳይጨምር ሕግ አወጣ፣ ሰውን ግን አላቆመውም። ባዶው ቤት ፈረሰ፣ ጎረቤት ቦታውን ወደ ጓሮው ቀላቀለ። መንደሩ አልሞተም፣ ተኮማተረ።

ሁሉም የሚያወራው ሙሉ በሙሉ ስለጠፋው የዮርክሻየር መንደር፣ ስለ ዋረም ፐርሲ ነው። ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ተቆፍሯል፣ ቢወራለት አይገርምም። እሱንም ባዶ ያደረገው ወረርሽኙ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የተነሱት በ1500 አካባቢ ነው፣ ለበግ ግጦሽ ሲባል። ለእኔ ግን ዛሬም ሰው ያለበት የተኮማተረ መንደር ይበልጣል። አርኪዮሎጂስቷ ካረንዛ ልዊስ ይህ ገብቷታል። በምሥራቅ እንግሊዝ 55 መንደሮች ውስጥ፣ በነዋሪው ጓሮና ሜዳ፣ 2000 ያህል የአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓዶች አስቆፈረች። ከወረርሽኙ በኋላ ካለው ዘመን የሚገኘው የሸክላ ገል ከበፊቱ በ45 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ገሉ ሲያንስ ሰውም አንሷል ማለት ነው።

ሠናይ፦ አትቆፍሩ ብለህ አልነበር?

መልስ፦ በባለሙያ መሪነት፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ እያንዳንዱ ገል ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ እየተመዘገበ ነው የተቆፈረው። አንተ በአካፋ ስትገባ ያ ሁሉ ይጠፋል።

ቀበና፦ በጎቹን ግን አቃለልካቸው። ባለርስቶቹ ናቸው ገበሬውን ያባረሩት።

ሠናይ፦ ሰው ባይሞት በግ የት ይሰማራ ነበር?

ቀበና፦ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው እኮ የተባረሩት!

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። መጀመሪያ መንደሩ ሳሳ፣ ከዚያ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ማባረር ቀለለ።

እንግዳ፦ ሌቦች ስለነበሩበት የፈረሰ መንደር አለ ይባላል?

መልስ፦ ጌይንስቶርፕ፣ ሊንከንሻየር። የአካባቢው ሰው ወሬ ነው። ቦታውን ግን እዩት፣ ቤቶቹ ከነጓሯቸው ሣሩ ላይ ይነበባሉ።

ዕድለኛው፦ በሜታል ዲቴክተር፣ በብረት መፈለጊያው መሣሪያ ብሄድስ? ወርቅ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የገበሬ መንደር ነው፣ ምን ወርቅ! ቦታው በሕግ የተጠበቀ ከሆነ ያለ ፈቃድ በመሣሪያው መጠቀም በ1979ኙ ሕግ ወንጀል ነው። ካልሆነም የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሕግ የተጠበቁት ቦታዎች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ መጀመሪያ እሱን እይ።

ዕድለኛው፦ እሺ፣ ትንሽ ብቻ ብቆፍርስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ቀጣይ ጥያቄ።