አፈሩ ከሕንፃው ይቅደም፦ የድሮውን የባቡር መስመር በሞዴል ስለ መሥራት

ጠያቂው ወንድማችን ጀርመን አገር ሆነው የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር መስመር አንድ ክፍል በ1 ለ 87 ስኬል ለመሥራት መጀመራቸውን፣ ሐዲዱን ዘርግተው ቢጨርሱም ሕንፃውና መልክዓ ምድሩ «የልጆች መጫወቻ» እየመሰለ እንዳስቸገራቸው ጽፈዋል። ድሬዳዋን ይሥሩ ወይስ አነስተኛ ጣቢያ፣ የትኛው ቁሳቁስ እንደሚሻል፣ እንዲሁም ሕንፃው ከመሬቱ ጋር በኮላ መጣበቅ ይኖርበት እንደሆነም ጠይቀዋል። ይህን ሥራ ለዓመታት የያዝኩት ስለሆነ፣ በልምድ የማውቀውን በዝርዝር ላካፍልዎ።

በላኩት ፎቶ ላይ የጎደለው ዝርዝር ነገር አይደለም። መስኮቱም፣ በሩም፣ የጣቢያው ደወልም በቦታው አለ። መጫወቻ ያስመሰለው እያንዳንዱ ነገር ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቀለም እንደያዘ መቀመጡ ነው፤ ሣሩ የአውሮፓ መስክ አረንጓዴ፣ ጠጠሩ ንጹሕ ግራጫ፣ ጣሪያው ደማቅ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ግን ግድግዳው፣ ቆርቆሮው፣ የግራሩ ቅጠል፣ የፉርጎው ጎንና የሰዉ ጫማ ሁሉ አንድ ዓይነት አቧራ የለበሰ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የአፈሩን ቀለም ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀቡትን ማንኛውንም ቀለም ከዚያው አፈር ቀለም ጥቂት ጠብታ ሳይቀላቅሉበት አይጠቀሙ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለ ቦታው ምርጫ፣ ድሬዳዋን ባይጀምሩ እመክራለሁ። በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጣቢያዋ ከጥገና ፋብሪካውና ከብዙ መስመሮቹ ጋር ሰፊ ግቢ የያዘ ነው። በዚህ ስኬል አንድ ኪሎ ሜትር 11 ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሆን፣ የግቢውን 400 ሜትር ብቻ ለማሳየት እንኳ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ጠረጴዛ ያስፈልግዎታል። እንደ አፍደም፣ ሚኤሶ ወይም ሁርሶ ያለውን አነስተኛ ጣቢያ መነሻ አድርገው አንድ ሕንፃ፣ ባቡሮች የሚተላለፉበት አንድ ተጨማሪ መስመርና ጥቂት ግራሮች ቢሠሩ ግን ሁለት ሜትር በማይሞላ ሰሌዳ ላይ በቂ ባዶ መሬት ይተርፍዎታል። ባዶ መሬት ስል ቀልዴን አይደለም፤ የዚያ አገር መልክ ዋናው ነገር ባዶነቱ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን በዕቃ ከሞሉት ቆላው ይጠፋብዎታል።

ከቦታው ጋር ዓመቱንም ይምረጡ። እስከ 1981 ድረስ ድርጅቱ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ስለነበረ፣ በሕንፃውም በፉርጎውም ላይ የሚጽፉት ስም ከመረጡት ዓመት ጋር መስማማት አለበት። ዕፅዋቱም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ ሜዳውን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ወደ አገሩ የገባው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ስለሆነ፣ በ1960 ላይ የቆመ ሞዴል ውስጥ ቦታ የለውም። ወደ መተሐራ ከሄዱ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ በዚያ ዘመን ትንሽ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ብዙ እጥፍ ሰፍቶ ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ እንዳስቸገረ ያስታውሱ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1435 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ሌላ ሐዲድ ስለሆነ፣ ምሰሶዎቹን ከድሮው ጋር አያደባልቁ።

እዚህ ላይ የዘረጉትን ሐዲድ ቢለኩት መልካም ነው። የድሮው መስመር አንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ የሚያስፈልግዎ ኤች ኦ ኤም የሚባለውና በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 12 ሚ.ሜ. ያለው ነው፤ ይህ በ87 ሲባዛ 1044 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ልዩነቱንም ዓይን አያየውም። በየሱቁ የሚገኘው የተለመደው 16.5 ሚ.ሜ. ግን የ1435ቱ ሐዲድ ነው። የ12 ሚ.ሜ. ሐዲድ ከቤሞም ከቲሊግም ይገኛል። በሞዴሉ ሐዲድ ላይ ያሉት አግዳሚዎች (ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፉት) አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት መልክ አላቸው፤ የእኛ መስመር ግን ምስጥ እንዳይበላው የብረት አግዳሚ ነበር የተነጠፈለት። ስለዚህ አግዳሚዎቹን ከሐዲዱ ጎን ጋር በአንድነት የደበዘዘ የዝገት ቡኒ ይቀቧቸው፤ ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበትን የሐዲዱን አናት ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ይጥረጉት።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠውን ጠጣር ፎም በንብርብር አጣብቀው በቢላ ይቅረጹት። ፎሙን የሚያሟሟ ኃይለኛ ማጣበቂያ አይንካው፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል። በላዩ ላይ ስስ ጄሶ ይለስኑና ሲደርቅ በአፈር ቀለም ይቀቡት፤ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ላይ አፈሩ በሳሳበት ቦታ ሁሉ ነጭ ጄሶ ብቅ አይልም።

የሚነሰንሰው አፈር እውነተኛ አፈር ቢሆን ከማንኛውም የሱቅ ዱቄት ይበልጣል። ነገር ግን ከአገር ቤት በሻንጣ አያምጡ፤ የአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ጤና ሕግ ከኢትዮጵያ አፈር ማስገባትን ይከለክላል። እርስዎ ካሉበት አካባቢ ደረቅ አሸዋማ አፈር ይውሰዱ፣ ምድጃ ውስጥ በ100 ዲግሪ ገደማ አድርቀው በውስጡ ያለውን ነፍሳት ያጥፉ፣ በሻይ ማጥለያ ይንፉት፣ ከዚያም ማግኔት ደጋግመው ያሳልፉበት። የማግኔቱ ነገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና በአፈር ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ ወደ ባቡሩ ሞተር ከተሳበ ሞተሩን ያበላሻል። ቀለሙ የማይመሳሰል ከሆነ ጥቂት ኦክር የሚባለውን ቢጫ ቡኒ የዱቄት ቀለም ይቀላቅሉበት። ኮላ የነካው አፈር ከደረቀ በኋላም ቢሆን ስለሚጠቁር፣ ከሚፈልጉት ይልቅ ፈካ ያለውን ይምረጡ፤ ውጤቱንም በዋናው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በአንዲት ቁራጭ ፎም ላይ አስቀድመው ይፈትኑ።

ሲነሰንሱ በመጀመሪያ ደቃቁን፣ ቀጥሎ ሻካራውን ከገደሉ ሥርና ከውኃ መውረጃው ላይ፣ በመጨረሻም ጥቂት ድንጋይ ያድርጉ። ከዚያ ውኃና አልኮል ቀላቅለው በጭጋግ መልክ ይርጩበት፤ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ አቅጥነው አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከጨመሩ በኋላ በሲሪንጅ ያጠጡት። ሳሙናው ከሌለ ኮላው በአፈሩ ላይ እንክብል እየሠራ ይንከባለላል። በሐዲዱ መካከል የሚገባው ጠጠርም በዚሁ መንገድ ይያያዛል፤ ሆኖም ለኤች ኦ (ለ1 ለ 87 ስኬል) ተብሎ የሚሸጠው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ስለሆነ፣ ለአነስተኛው የ1 ለ 160 ስኬል የተዘጋጀውን ይጠቀሙ፤ በላዩ ላይም ያንኑ አፈር ነስንሰው ግማሹን ይቅበሩት። በጣቢያ ግቢ ውስጥ ሰው ሐዲዱን ሲያቋርጥ የሠራውን ቀጭን መንገድ በጣት ጫፍ ደልድሎ ፈካ ማድረግ ብዙ ዋጋ አለው። ኩይሳ ጨምሩ ብዬም አሳስባለሁ፤ ሁለት ሜትር የሆነ ኩይሳ በሞዴሉ 23 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ከጄሶና ከአፈር የተሠራ አንድ ሁለት ኩይሳ አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ከብዙ ዛፍ በላይ ይናገራል።

ሕንፃውን በተመለከተ፣ የጣቢያው ዝርዝር ንድፍ በእጅዎ ከሌለ ፎቶው ራሱ መለኪያ ይሰጥዎታል። የሕንፃው ፊት በቀጥታ የተነሣበት ፎቶ ካለዎት፣ የበሩን ቁመት 2.10 ሜትር ብለው ቢነሡ በሞዴሉ 24 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ ከዚያ የቀረውን በበሩ ቁመት እያካፈሉ ያገኙታል። በሩ አጠገብ የቆመ ሰው ካለም በ20 ሚ.ሜ. ገደማ ማመሳከር ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ላሉ ነገሮች ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት በተዘረጋው ሐዲድ ስፋት ከኋላ ያለውን ግድግዳ መለካት ያሳስታል። ልኬቱን ካገኙ በኋላ መጀመሪያ በተራ ካርቶን ሠርተው ቦታው ላይ ያቁሙትና ለጥቂት ቀናት እያለፉ ይዩት። ሕንፃው ለሰሌዳው ከረዘመ ርዝመቱን በመስኮት ቁጥር ይቀንሱ እንጂ የበሩንና የመስኮቱን መጠን አያሳንሱ፤ ዓይን የሕንፃን ትልቅነት የሚገምተው በበሩ ነውና።

በአብዛኞቹ ጀማሪዎች ሥራ ላይ የማየው ትልቁ ጉድለት የግድግዳው ስስነት ነው። ከድንጋይ የተገነባ የቆላ ጣቢያ ግድግዳ ግማሽ ሜትር ቢወፍር በሞዴሉ ወደ 6 ሚ.ሜ. ይጠጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ላይ መስኮት ከኋላ ሲለጠፍበት ግን ሕንፃው ከቆርቆሮ የተሠራ ሳጥን ይመስላል። እኔ የምሠራው በሁለት በኩል ወረቀት ባለው 5 ሚ.ሜ. የፎም ካርቶን ነው፤ የውጩን ወረቀት በውኃ አርሼ ልጬ፣ የድንጋዩን መጋጠሚያ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ተጭኜ አወጣለሁ። መስኮቱና የእንጨት መዝጊያው ወደ ውስጥ ገባ ብለው ሲቀመጡ በዙሪያቸው እውነተኛ ጥላ ይወድቃል፤ ይህን ጥላ በቀለም ለመተካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የበረንዳው ጥልቀትም ለዚሁ ዓላማ ነውና አይቆጥቡበት፤ በዚያ ፀሐይ ሰው የሚኖረው በረንዳ ሥር ነው።

ለጣሪያው ቆርቆሮ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ፎይል ወስደው፣ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ቦይ ባለው ነገር ላይ በጠፍጣፋ እንጨት ይጫኑት። አንድ ወጥ ጣሪያ አያድርጉት። 10 ሚ.ሜ. በ23 ሚ.ሜ. እየቆረጡ፣ ከታች ወደ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብ እያደረጉ ይለጥፉት፤ አንዳንዱን ሉህ ከሌላው ትንሽ ለየት ባለ ቀለም ይቀቡት፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የዛገ ይሁን። ዝገት ሲባል ብርቱካናማ የሚቀቡ አሉ፤ በደረቅ አገር የቆየ ቆርቆሮ ግን ወደ ግራጫ የሚያደላ ቡኒ ነው፤ ጥቁር ቡኒው የሚታየው በምስማሩና በመደራረቢያው ላይ ብቻ ነው። ግድግዳውን ኖራ የተቀባ ለማስመሰል ነጭ ሳይሆን የአፈሩን ቀለም የቀላቀለ ቢጫማ ነጭ ይጠቀሙ፤ የግድግዳውን ግርጌ ዝናብ አፈር እንደረጨበት አድርገው በተፈጨ ጠመኔ ያደብዝዙት፤ ሁሉንም በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይጨርሱ። በጣቢያው ስም ሰሌዳ ላይ ከአማርኛው ጋር ፈረንሳይኛውን ከፎቶ እያዩ ይጻፉ፤ በኮምፒውተር አትመው ሲለጥፉ የወረቀቱን ጠርዝ ቀለም መቀባት አይርሱ፤ ነጭ ጠርዝ ከሩቅ ያሳብቃል።

ግራርን ከሱቅ ለመግዛት ብዙ አይድከሙ። በጀርመን ሜዳ ላይ በበጋ የሚያብበው ሻፍጋርበ የሚሉት ተክል አናቱ ጃንጥላ ስለሆነ፣ ሲደርቅ ቆርጠው ግንዱን በጄሶና በኮላ ቢያወፍሩትና ግራጫ አረንጓዴ ደቃቅ ቅጠል ቢነሰንሱበት ለግራር የተፈጠረ ያህል ነው። ትልልቁን ግን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምዝዘው፣ ከሥሩ ጀምሮ ሁለት ሦስት ግንድ አውጥተው፣ ከ70 እስከ 90 ሚ.ሜ. ቁመት ይሥሩት፤ ቅጠሉን በጠፍጣፋ ስስ ንብርብር ያድርጉት እንጂ አያድቦልቡሉት፤ በንብርብሮቹ መካከል ሰማይ መታየት አለበት። በጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ከነቀይ አበባው ቢተክሉ ይፈቀዳል፤ በሰሌዳው ላይ ብቸኛው ደማቅ ቀለም እሱ ከሆነ ዓይን ወደ ጣቢያው ይሄዳል።

ሰዎቹን በሚመለከት፣ በሱቅ የሚገኙት ትናንሽ ምስሎች የአውሮፓ ልብስ የለበሱ ስለሆኑ፣ ስስ ሶፍት አንድ ንብርብሩን ለይተው በቀጠነ ኮላ ነክረው ነጠላና ሽርጥ ማልበስ ይቻላል። ሲያሰልፏቸው በሐዲዱ ዳር በእኩል ርቀት አያቁሟቸው። በቀትር ሁሉም የሕንፃውን ጥላና የዛፉን ሥር ተከትሎ ይሰበሰባል፤ ፀሐይ ላይ የሚቀሩት ፍየሎቹና ጠቋሚው ሠራተኛ ብቻ ናቸው።

ከበስተኋላ የሚቆመው የሰማይ ሥዕል ከአድማሱ አጠገብ ወደ ነጭ የሚያደላ ይሁን። በድሬዳዋ አካባቢ የሐረርጌ ተራሮች በደቡብ በኩል ስለሚገኙ፣ ተመልካቹ ከሰሜን ሆኖ የሚያይ ከሆነ ብቻ ተራራውን ከኋላ ያድርጉ፤ ቀለሙም ከመሬቱ በጣም የፈዘዘ ይሁን። መብራቱን አስቀድመው ይስቀሉና ቀለሞቹን ሁሉ በዚያው መብራት ሥር ይምረጡ፤ ቢጫማ አምፖል የአፈሩን ቀለም ወደ ብርቱካን ይለውጠዋል።

ሕንፃው ይጣበቅ ወይ ላሉት፣ አይጣበቅ ነው መልሴ። ነገር ግን መሬት ላይ እንዲሁ አይቀመጥ፤ በሕንፃውና በመሬቱ መካከል የምትታየው ቀጭን ክፍተት ሌላውን ሥራ ሁሉ ታበላሻለች። የሕንፃውን መሠረት ከግድግዳው 3 ሚ.ሜ. ወደ ታች አስረዝመው፣ በፎሙ ላይ በልኩ ጉድጓድ ይቅረጹለት፤ ሕንፃውን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው ጉድጓዱ ውስጥ ያስገቡና ዙሪያውን በአፈርና በኮላ ይሙሉት። ሲደርቅ ሕንፃውን አውጥተው ፕላስቲኩን ያንሡ፤ ከዚያ በኋላ ሕንፃው በልኩ ገብቶ ይቀመጣል፤ የመብራቱ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ጣሪያው ጥገና ሲፈልግም ያለ ችግር ይወጣል። የሽቦውን ቀዳዳ ጉድጓዱን ሲቀርጹ አብረው ይብሱት፤ በኋላ ከሥር በመሰርሰሪያ ሲበሳ የደረቀው አፈር ይሰነጠቃል።