ያደረ ሩዝ፣ የቀዘቀዘ ድንች፦ ስለ ሬዚስታንት ስታርች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሬዚስታንት ስታርች ከተራው ስታርች በምን ይለያል?

መልስ፦ ተራው ስታርች ትንሹ አንጀት ውስጥ ወደ ስኳር ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ይሄኛው ሳይፈጭ ያልፍና ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚህ የሚገኘው ቡቲሬት የሚባል አሲድ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው። ካሎሪውም አነስተኛ ነው፤ ተራው ስታርች በግራም 4 ሲሰጥ ይሄ 2 ገደማ።

ጥያቄ፦ ያደረ ሩዝ ሲሞቅ ጥቅሙ አይጠፋም?

መልስ፦ አብዛኛው አይጠፋም። ሲበስል የተፈታው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠጥርና ከፊሉ ሬዚስታንት ስታርች ይሆናል፤ አሚሎስ ከሚባለው የስታርች ዓይነት የተሠራው ክፍል ደግሞ በተራ ማሞቅ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ላይ 100 ግራም ትኩስ ነጭ ሩዝ 0.64 ግራም ሬዚስታንት ስታርች ነበረው፤ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ 24 ሰዓት ቆይቶ የሞቀው 1.65። ከእጥፍ በላይ ነው፣ ግን ልዩነቱ አንድ ግራም ነው። «ያደረ ነው» ብሎ ሁለት ሳህን የሚበላ ሰው ምንም አላተረፈም።

ጥያቄ፦ ድስቱን ምድጃው ላይ ትቼ ባሳድረውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሩ (ሙቀት የሚቋቋመው ዘሩ) ሩዙ ሲፈላም አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፤ የሚያስመልሰው መርዙ ደግሞ መልሰው ቢያሞቁትም አይጠፋም። ሩዙን ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተው ያቀዝቅዙና በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። በማግስቱ በደንብ አሙቀው ይጨርሱት፤ ዳግመኛ አያሙቁት። ፍሪጅ ከሌለዎት ሩዙን ይተዉትና ጥራጥሬ ላይ ያተኩሩ።

ጥያቄ፦ ሽሮና ንፍሮ እኩል ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በሽምብራና በባቄላ ፍሬ ውስጥ ስታርቹ በሴል ግድግዳ እንደታሸገ ነው፤ ወፍጮ ያንን ይሰብረዋል። ለዚህ ጉዳይ ንፍሮና ድፍን ምስር ይበልጣሉ። ቡላም ስታርች ስለሆነ ብቻ እዚህ አይመደብም፤ ገንፎው በትኩሱ ሲበላ ስታርቹ ተፈትቷል።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ የድንች ስታርች ገዝቼ አጥሚት ውስጥ እጨምራለሁ፤ ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ እሳት አጥፍቶታል። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ጥሬው ቅንጣት ያብጥና ተራ ስታርች ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በእርጎ በጥብጠው ይጠጡት።

ጥያቄ፦ እኔ በቀዝቃዛው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወስጄ ሆዴ ተነፋ።

መልስ፦ መጠኑ በአንዴ በዛ። ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። ለሦስት ቀን ያቁሙትና በአንድ የሻይ ማንኪያ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ አንድ ይጨምሩ። ሆድዎ ቀድሞም በቀላሉ የሚታወክ ከሆነ ዱቄቱን ትተው ምግቡን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፤ መድኃኒቴን ልቀንስ?

መልስ፦ አይቀንሱ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ምግብ ሲቀይሩ ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ስኳርዎ እየወረደ ከሄደ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪምዎ ነው።

ጥያቄ፦ ካንሰር ይከላከላል የሚባለውስ?

መልስ፦ በከፊል። ሊንች ሲንድረም የተባለ የዘር ችግር ላለባቸው ሰዎች በቀን 30 ግራም ሬዚስታንት ስታርች እስከ 4 ዓመት ተሰጥቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። የትልቁን አንጀት ካንሰር አልቀነሰም፤ ከዚያ ውጭ ያሉ ካንሰሮች ግን ቀንሰዋል፣ በተለይ የላይኛው የምግብ ቧንቧ ክፍል ላይ። ያ ችግር ለሌለበት ሰው ይሠራል ብሎ ከዚህ ተነሥቶ መናገር አይቻልም።