ብርጭቆውን ማን ገፋው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ መንፈስ ማናገሪያ የሚባሉ መሣሪያዎች የሚሉት ይታመናል ወይ?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ዊጃ ቦርድ (መንፈስ ፊደል እየጠቆመ ይመልስበታል የሚባል ሰሌዳ) ሞከርን። ጣታችንን ብርጭቆው ላይ እንዳሳረፍን በራሱ እየሄደ የሟች አክስቴን ስም ጻፈ። ማናችንም አልገፋነውም፤ እምላለሁ!

መልስ፦ አምንሃለሁ። ማናችሁም አልዋሻችሁም። ግን ሰው ሳይታወቀውም እጁን ያንቀሳቅሳል። በ1853 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዳይ ይህንኑ ፈትኖታል። ያኔ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛ ይዞር ነበር። ፋራዳይ ካርቶኖችን በለስላሳ ማጣበቂያ ደራርቦ ከእጃቸው ሥር አስገባ። ጠረጴዛው በራሱ ቢሄድ ኖሮ የታችኛው ካርቶን ይቀድም ነበር። የቀደመው የላይኛው ሆኖ ተገኘ። የገፋው እጅ ነው ማለት ነው። ሰዎቹ ግን ወደ ታች ብቻ የተጫኑ መስሏቸው ነበር፤ ከልባቸው። ቀጥሎ እጃቸው ወደ ጎን ሲገፋ የሚያሳይ ጠቋሚ ፊታቸው አቆመ። እሱን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

እናንተም ሞክሩት። ሁላችሁም ዓይናችሁን ታሰሩ፤ ሌላ ሰው ፊደሎቹን ያቀያይርላችሁ፣ የሚወጣውንም እሱ ይመዝግብ። የሚያናግራችሁ መንፈስ ከሆነ የእናንተ ዓይን ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ ባዶ ክፍል ውስጥ በስልኬ ድምፅ ቀዳሁ። መልሼ ሳዳምጠው «ሂዱ» ይላል።

መልስ፦ «ሂዱ» እንደሚል ሳትናገር ለሦስት ሰዎች ለየብቻ አሰማቸው። የሰሙትን ይጻፉ። ጆሯችን ትርጉም በሌለው ድምፅ መሀል ቃል ፈላጊ ነው፤ ቃሉን አንዴ ከነገሩን ደግሞ ሌላ መስማት ያቅተናል።

ጥያቄ፦ መንፈስ ሲቀርብ መብራቱ ብልጭ የሚል መሣሪያ ገዛሁ። ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ የሚለካው ግን ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባለበት ዙሪያ የሚፈጠረውን ነው። የኪስህ ስልክና ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም ያበሩታል።

ጥያቄ፦ ቀለበቴ ጠፋ። ሰሌዳውን ስንጠይቀው የወንድሜን ሚስት ስም ጻፈ። ልንገረው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም! እንግሊዝ ውስጥ በሁለት ሰዎች ግድያ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተባለ። በኋላ ነገሩ ወጣ። ከጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ከሚወስኑት ተራ ዜጎች) አባላት አራቱ ባደሩበት ሆቴል ብርጭቆና የፊደል ቁርጥራጮች ይዘው ሟቹን «ማን ገደለህ?» ብለው ጠይቀው ኖሯል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1994 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔውን ሽሮ ክሱ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዘ። ሰውየው በሁለተኛውም ችሎት ጥፋተኛ ተባለ፤ ግን በችሎት ፊት በቀረበ ማስረጃ። ቢያንስ ምስክር ሲቀርብበት መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ብርጭቆን ማን ይጠይቀዋል?

እስኪ አስቢው። ሰሌዳው ዙሪያ ከተቀመጣችሁት መሀል ቀድሞ እሷን የጠረጠረ አልነበረም? አንቺ ራስሽስ? ስሟን ለማንም አንስተሽ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሄደሽ «ተሳስቻለሁ» በይ።