መልስ፦ አዳማ ላይ የጠዋቱ ጭስ እስከ ረፋድ ለምን አይለቅም?

መስኮቱን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትክፈቺው። 12 ሰዓት ላይ ቤቱን ላናፍስ ብለሽ ስትከፍቺ ነው ጭሱ የሚገባው፣ ልጅሽ ጠዋት ጠዋት የምትስለውም ለዛ ሊሆን ይችላል። ከ5 እስከ 10 ሰዓት አናፍሺ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ዝጊ።

"አዳማ ነፋሻ ሆና ጭሱ የት ይቀራል" ላልሽው፣ ነፋስ ባለበት ሌሊትማ አየሩ ስለሚደባለቅ ችግር የለም። ችግሩ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ዝም ሲል ነው፣ መሬቱ ሌሊቱን ሙቀቱን ይለቅና ይቀዘቅዛል፣ የነካው አየርም አብሮት ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው ግን ሞቅ እንዳለ ይቀራል። ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ አይነሳም፣ ሞቃቱ እንደ ድስት ክዳን ይደፋበታል፣ የባጃጁም የከሰሉም የቆሻሻ ቃጠሎውም ጭስ ታች ተኝቶ ያድራል። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ብርድ ደሞ ይጨመርበታል። (ህዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጠለ ለታ እንዴት እንደሆነ አይተሻል መቼስ።) ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነው ክዳኑ የሚነሳው።

አደራ ግን፣ መስኮት ዘግተሽ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታስቀምጪ። እኛ አምና ቡና ካፈላን በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብለን ትተነው ሁላችንም ራሳችንን አሞን እያቅለሸለሸን ነው በር ከፍተን የወጣነው። ፍሙ ጭስ የለውም ብለሽ እንዳትታለይ፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።