ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ የማይከፍት የቤት ኢንተርኔት

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ቤቴ የገባው የፋይበር ኢንተርኔት ቴሌግራምን ያለ ችግር ያሠራል፤ ድረ ገጽ ልክፈት ስል ግን ላፕቶፑም ስልኮቹም ‹ዲኤንኤስ› የሚል ቃል ያለበት ስህተት ያሳያሉ። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከልና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። አገልግሎት ሰጪው መስመሩ ደህና ነው ብሎኛል። አዲስ ራውተር ልግዛ?»

ለጊዜው አይግዙ። የገለጹልኝ ምልክት መስመሩ እንዳልተቋረጠ፣ ይልቁንም ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት መልስ እያጣ መሆኑን ያመለክታል። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ሲሆን እኛ የምንጽፈው ስም ስለሆነ፣ ብሮውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት የስሙን ቁጥር ከዲኤንኤስ ሰርቨር መጠየቅ አለበት፤ መልስ ካላገኘ መስመሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መሄጃውን አያውቅም። የቴሌግራም አፕ ግን የሰርቨሮቹን ቁጥር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሰፈር ሳይጠይቅ በቀጥታ ቤቱን እንደሚያንኳኳ ዘመድ ሳይቸገር ይገባል።

ይህን ለማረጋገጥ ችግሩ በተነሣበት ሰዓት፣ ራውተሩን ከማጥፋትዎ በፊት፣ በዊንዶውስ ላፕቶፕዎ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት (Command Prompt) የሚባለውን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተው «ፒንግ» (ping) ብለው ክፍት ቦታ በመተው 8.8.8.8 የሚለውን ቁጥር ይጻፉ። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። ቀጥለው «ኤንኤስሉክአፕ» (nslookup) የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም፣ ለምሳሌ ከዊኪፒዲያ ዶት ኦርግ (wikipedia.org) ጋር ይጻፉ። «ሰርቨር» (Server) እና «አድሬስ» (Address) ብለው የሚጀምሩት ሁለት ተከታታይ መስመሮች ላፕቶፕዎ ማንን እንደጠየቀ ይነግሩዎታል፤ በብዙ ቤት እዚያ ላይ የሚታየው 192.168.1.1 ወይም እሱን የሚመስል ቁጥር፣ ማለትም ራሱ ራውተሩ ነው። ከዚያ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙና ከስሙ በኋላ ክፍት ቦታ ትተው 8.8.8.8 ይጨምሩ፤ ይህም ራውተሩን አልፎ በቀጥታ የጉግልን ሰርቨር ይጠይቃል። የፊተኛው «ታይምድ አውት» (timed out)፣ ማለትም ጊዜው አለፈ፣ እያለ የኋለኛው ቁጥር ካመጣ፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ጥፋቱ ራውተሩ ጥያቄዎችን ተቀብሎ በሚያስተላልፍበት ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። «ኖን ኤግዚስተንት ዶሜይን» (Non-existent domain) የሚል መልስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰርቨሩ መልሷል፣ መልሱም «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው የጻፉትን ፊደል ይመልከቱ።

ርካሽ ራውተሮች ይህን የማስተላለፍ ሥራ የሚሠሩት በጥቂት ሜሞሪ ነው። ለቀናት ሳይጠፉ ሲቆዩና ቤት ውስጥ ያሉት ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ሲበዙ ያ ክፍል ብቻውን ይደነዝዛል፤ የቀረው ግን ይሠራል፣ መብራቶቹም አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ። ስልክ ያነሣልዎት ሠራተኛ «መስመሩ ደህና ነው» ያለው ስለዚህ ነው፤ አልዋሸም። መፍትሔው መሣሪያዎችዎ ራውተሩን መጠየቅ እንዲተዉ ማድረግ ነው። ቅድም ያዩትን የራውተሩን ቁጥር ብሮውዘር ላይ ጽፈው ወደ ራውተሩ ገጽ ይግቡና፣ በላን (LAN፣ የቤቱ የውስጥ መረብ) ወይም በዲኤችሲፒ (DHCP፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው) ክፍል ሥር ያለውን የዲኤንኤስ ቦታ 8.8.8.8 እና የክላውድፍሌር ሰርቨር በሆነው በ1.1.1.1 ይሙሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ በዋን (WAN፣ ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር በሚገናኝበት) ክፍል ያለውን ብቻ ይለውጥና «ለወጥኩት፣ ምንም አልተሻለም» ይላል፤ ያ የሚለውጠው ራውተሩ የሚጠይቀውን ሰርቨር ነው እንጂ ላፕቶፑ አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ የደነዘዘ ራውተር ነው። ከለወጡ በኋላ እያንዳንዱን መሣሪያ ከዋይፋዩ አላቅቀው ያገናኙት፤ አለበለዚያ የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ይቆያል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ከራውተሩ ኋላ ያለችውን፣ በመርፌ የምትነካ የሪሴት ቀዳዳ አይንኩ። ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በውስጡ ከተቀመጠ አብሮ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቴሌግራሙም መሥራት ያቆማል።

ችግሩ በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ከዚህ ይለይ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ሁለት ራውተር ከገዙ በኋላ ጠርተውኝ ስሄድ፣ ላፕቶፓቸው የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የውስጥ ዲኤንኤስ አድራሻ በእጅ ተጽፎበት አገኘሁት፤ ያ አድራሻ ከቢሮው ውጪ የትም አይገኝም። «አውቶማቲክ» ወደሚለው መለስኩት፣ ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» (Private DNS) የሚለውን ሴቲንግ ይዩ፤ ማስታወቂያ ለመከልከል ተብሎ የአንድ ሰርቨር ስም ተጽፎበት ከሆነና ያ ሰርቨር ካልተገኘ ስልኩ ሌላ አይሞክርም።

በአገራችን ብቻ የማየው አንድ ምክንያትም አለ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ሲያስተካክል ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ቢዛባ አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሆን ግን የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫቸው) «ገና አልጸናም» ተብሎ ውድቅ ይሆናል፤ ዲኤንኤሱ በምስጢር የሚጠየቅ ከሆነ ስሙም ጭምር አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከማያ ገጹ ጥግ ያለውን ቀን ይመልከቱ።

ሁለቱም የ«ኤንኤስሉክአፕ» ሙከራዎች መልስ ካጡና ፒንጉ ግን ከሠራ፣ የስም ጥያቄ የታገደው ከቤትዎ ውጪ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ አገልግሎት ሰጪው ሲደውሉ «ኢንተርኔት የለም» አይበሉ፤ «ፒንግ ይሠራል፣ ዲኤንኤስ አይመልስም» ብለው የሞከሩበትን ሰዓት ይንገሯቸውና ጉዳዩን ለቴክኒክ ክፍሉ እንዲያስተላልፉት ይጠይቁ።