የኳሳር ፍካት ለምን በኢንፍራሬድ ይቀድማል? ከደሴ የተሰጠ መልስ

ስለ ኳሳሮች፣ ማለትም በሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት ስላሉ እጅግ ብሩህ አካላት ከጻፍኩ በኋላ ከወሎ ልዩ ልዩ ቦታዎች ጥያቄ ደርሶኛል። ኳሳር ድንገት ሲፈካ ፍካቱ በመጀመሪያ በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው፣ ከቀይ በረዘመ ብርሃን)፣ ኋላ በሬዲዮ ሞገድ ይታያል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ፍካቱ በኢንፍራሬድ ቀድሞ በሬዲዮ ዘግይቶ የሚታየው የሬዲዮ ሞገድ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው?

አይደለም ወንድሜ። ሁለቱም በብርሃን ፍጥነት ይጓዛሉ፤ ልዩነቱ ከመነሻው ነው። በኳሳር እምብርት ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ጋዝ እየሳበ፣ ጄት የሚባል ቀጭን ፍሰት በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ይወረውራል። በጄቱ ሥር የተጨናነቁት ኤሌክትሮኖች የራሳቸውን የሬዲዮ ሞገድ መልሰው ይውጡታል፤ ኢንፍራሬዱ ግን ሾልኮ ያመልጣል። በክረምት የጦሳን ተራራ ጉም ሲውጠው፣ ቁልቁል የሚወርደው መኪና በመጀመሪያ በድምፁ ይታወቃል፤ መብራቱን የምናየው ከጉሙ ሲወጣ ነው። የፈካው ክፍልም ወደ ውጭ እየተጓዘ ሲሰፋና ሲሳሳ ከሬዲዮ ሞገዶቹ በመጀመሪያ አጭሩ የሚሊሜትር ሞገድ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለው የሴንቲሜትሩ ይወጣል። በመካከል ሳምንታት ወይም ወራት ያልፋሉ። ረጅሙ ሞገድ ዘግይቶ ብቻ ሳይሆን ለስልሶና ተለጥጦ ይደርሳል።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ ይህ በተጨባጭ ታይቷል?

አዎ። በ1983 እ.ኤ.አ. 3ሲ 273 የተባለው ኳሳር ሲፈካ ተመራማሪዎች በኢንፍራሬድና በሚሊሜትር ሞገድ ተከታትለውታል። ማርሸርና ጊር የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. የፍካቱ ምክንያት ጄቱን እየሰነጠቀ የሚያልፍ የድንጋጤ ሞገድ (ድንገተኛ የግፊት ሞገድ) መሆኑን አስረዱ። ይህ ማብራሪያ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ቆይቷል፤ ለእኔም በዘርፉ ካሉት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ አንዲት መምህርት፦ ኢንፍራሬዱ ሁሉ ከጄቱ ነው?

የለም እህቴ፣ ይህ ብዙዎችን የሚያሳስት ነጥብ ነው። ከፊሉ ጉድጓዱን ከከበበው የጋለ አቧራ ይመጣል። አቧራው ሰፊ ቦታ ስለያዘ መለዋወጡ አዝጋሚ ነው። በቀናት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው የጄቱ ብርሃን ነው፤ በአንድ ቀን የሚለዋወጥ ነገር ደግሞ ብርሃን በአንድ ቀን ከሚያቋርጠው እጅግ ሊሰፋ አይችልም። ጄቱ ወደ እኛ ካነጣጠረ ግን ጊዜው አጥሮ ስለሚታይ ይህ ስሌት ይስተካከላል።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ ከእኛ ተራሮች ማየት ይቻላል?

የሬዲዮ ሞገድ ደመናም ቀንም አይከለክለውም። ኢንፍራሬድን ግን የአየሩ እርጥበት ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ጥሩ ከፍታ አለው። 3ሲ 273 ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፤ ሆኖም በሚያዝያ ምሽት፣ በድንግል ኅብረ ከዋክብት፣ መስታወቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ደብዛዛ ነጥብ ሆኖ ይታያል።